ምዕራፍ ሰባት፦ መቀናጆ ሲሞት

ካንሰር የያዘው ሰው፣ አብሮት ሲታከም የከረመ ሰው ሲሞትበት ምን እንደሚሰማው እናስረዳለን የሚሉ ጽሑፎች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ ደሜን ያፈሉታል። አንዱ «በጎ በጎውን አስብ» ብሎ ያልፋል። ሌላው ታማሚዋ የምታለቅሰው ለሟቿ ሳይሆን ለገዛ ራሷ ነው ይልና ትልቅ ምስጢር የፈታ ያህል ይኮፈሳል። በሰው ልቅሶ የራስን ማልቀስማ ድሮም ያለ ነው! የቆየ ሐዘን የማይነሣበት የትኛው ልቅሶ ቤት ነው? ከዚህ ተነሥቶ «ፈርታ እንጂ ወዳት አይደለም» ማለት ግን ድንቁርና ነው። ሰው ሁለቱንም በአንድ ዕንባ ያለቅሳል።

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዓለም ከተማ ላይ እናት ሆስፒታል አለ፤ መሐል ሜዳም ደብረ ብርሃንም ሆስፒታል አላቸው። ጨረር የታዘዘለት ሰው ግን ከቀየት ይምጣ ከራቤል፣ የጀማን ወንዝ ተሻግሮ ከመርሐቤቴም ይምጣ፣ መድረሻው አዲስ አበባ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ መላ ኢትዮጵያ የነበራት የጨረር ሕክምና የጥቁር አንበሳ ሆስፒታሉ ብቻ ነበር፤ መሣሪያውም ኮባልት። ኮባልት 60 በየአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ባረጀ ቁጥር አንድ ታማሚ ከመሣሪያው ሥር የሚተኛበት ደቂቃ ይረዝማል፤ ወረፋውም አብሮ ይረዝማል። ይህን የፊዚክስ ወሬ የማነሣው ጓደኝነቱ የሚሠራው እዚያው ወረፋ ላይ ስለሆነ ነው።

ወረፋው ላይ ያልተሠራው ማደሪያ ቤት ይሠራል። አቶ ወንዱ በቀለ ትንሹ ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር ከሞተባቸው በኋላ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለው። ከሐዘን የተወለደ ቤት ነው ማለት ነው። እንዲህ ባሉ ቤቶች የመንዝ ሴት ከወለጋ ሴት አጠገብ ትተኛለች፤ ከኬሞ በኋላ የትኛው ምግብ እንደማይሸት፣ ሻሽ እንዴት እንደሚታሰር፣ የትኛዋ ነርስ ደም ሥር ቶሎ እንደምታገኝ አንዷ ከሌላዋ ትማራለች። እህት የማትጠይቀውን፣ ባልም የማያውቀውን ያወራሉ። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 ኢትዮጵያ ውስጥ ካንሰር እንዳለባቸው አዲስ የታወቀላቸው ሰዎች 80 ሺህ ገደማ ናቸው፤ የሞቱት ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ። ታክመው ከሞቱት ብዙዎቹ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ነበራቸው። ያ ሰው የት ሄዶ አለቀሰ?

እኔ ይህን ሐዘን ሳስረዳ የምወደው ምሳሌ መቀናጆ ነው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ ይታረሳል። ከበሬዎቹ አንዱ ሲሞት የጎደለው አንድ በሬ ብቻ አይደለም፤ ጥማዱ ፈርሷል። የቀረው በሬ ደኅና ነው፤ ሣሩን ይግጣል፣ ውኃውን ይጠጣል፤ እርሻ ግን የለም። ታማሚዋም እንዲሁ ናት፤ ክኒኗን ትውጣለች፣ ቀጠሮዋንም ታውቃለች፤ ወደ ወረፋው የሚወስዳት እግር ግን ይከዳታል። ትንሽ ልግፋበት። ቀንበሩ በሽታው ነው። ማነቆው ቀጠሮው፤ አንገት ይዞ አያፈናፍንም። ምራኑ ማታ ማታ በስልክ መጠያየቁ ነው። ጅራፉ የመድኃኒት ዋጋ፣ ሞፈሩ ሐኪሙ፣ ማሳው ዕድሜ፣ በልግ ሲቀር ደግሞ መድኃኒት ከፋርማሲ ሲጠፋ ነው እንበል። እዚህ ላይ አንድ የሞላሌ ገበሬ ቢሰማኝ «በሬውና አራሹ ተምታታብህ» ማለቱ አይቀርም። ይበል። ምሳሌውን የማልተወው አንድ ነገር አጥብቆ ስለሚይዝልኝ ነው፤ በሬው ሲሞት ሰው ሁሉ «እግዜር ይተካልህ» የሚለው ባለቤቱን ነው። የተቀናጀው ጎረቤትም ማሳው ጦም አድሯል፤ እሱን ግን የሚጠይቀው የለም።

አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ሐዘን ማኅበረሰቡ ዕውቅና የነፈገው ሐዘን ብሎታል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ሐዘንተኛው ግን የማዘን መብት የለውም። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ የልቅሶውን ሥርዓት ማየት ይበቃዋል። ጡሩንባ ይነፋል። ሩቅ ላለ ዘመድ ሽማግሌዎች ማለዳ ሄደው መርዶ ይነግራሉ። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ወረፋ ላይ ለተገኘች ጓደኛ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለም። ዕድሩ አያውቃትም፤ የሟቿም ቤተሰብ አያውቃትም።

እስካሁን ያልኩትን ላጠቃልል፦ ሐዘኑ እውነት ነው፤ የጎደለው ሥርዓቱ ነው። ይህን ይዘን እንቀጥል።

ታማሚዎችን ሳማክር ካገኘኋቸው መካከል አንዲት የመንዝ እናት ነበሩ። ማደሪያ ቤት አልጋ ለአልጋ የነበሩት ከምዕራብ ከመጣች ሴት ጋር ነው፤ እሳቸው ኦሮምኛ አይችሉም፣ እሷ አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ግማሹን በእጅ ይግባቡ ነበር። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ገብታ ሳትመለስ ቀረች። ሲጠይቁ «አገሯ ገብታለች» ተባሉ። እውነቱን ያወቁት ስልኳ ላይ ሲደውሉ ወንድሟ አንሥቶ ሲነግራቸው ነው። ወደ እኔ መጥተው የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ልቅሶዋን የት ልቀመጥ?» መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ነበራቸው። ካገር ያመጡትን ባና ወለሉ ላይ አነጠፉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ። የክፍሉ ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፤ ሻሿ ሥር ፀጉር ያልነበራት አንዲት ልጅ ቡና አፈላች፣ ቆሎ ተቆላ። ከዚያ የመጀመሪያዋ ሴት «እግዜር ያጽናዎት» አለቻቸው። እስከዚያች ሰዓት ይህን ያላቸው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ወደ ሕክምናቸው ሄዱ።

«አገሯ ገብታለች» የሚለው ውሸት የሚነገረው በደግነት ነው፤ «እንዳትደነግጥ» ተብሎ። ይህ ክርክር ከባልደረቦቼ ጋር ስንት ጊዜ እንዳጣላኝ! ታማሚ ሕፃን አይደለም። ባዶ አልጋ አይቶ ይቆጥራል። ሞቱን ከደበቅነው የሚማረው ነገር ቢኖር እሱም ሲሞት በውሸት እንደሚሸኝ ነው።

ሞትን በግልጽ ማልቀስ ታማሚን እንደማይሰብር ማስረጃ ለሚፈልጉ፦ ዴቪድ ስፒገል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በሰውነታቸው የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች በቡድን እያሰባሰበ ያወያይ ነበር፤ ስለ ሞት በግልጽ ይነጋገራሉ፣ ከመካከላቸው የሞተችውን ያለቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ላንሴት ላይ ያወጣው ጥናት 86 ሴቶችን የያዘ ሲሆን፣ ቡድን የገቡት ካልገቡት እጥፍ ገደማ ዕድሜ ኖሩ አለ። ዓለም ጮቤ ረገጠ። ነገር ግን በ2001 ካናዳ ውስጥ በ235 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት የዕድሜ ልዩነት አላገኘም፤ ስፒገል ራሱ በ2007 ሲደግመውም በጠቅላላው አላገኘም። የካናዳው ጥናት ያረጋገጠው ጭንቀቱና የሕመም ስሜቱ መቃለሉን ነው። ስለዚህ ቡድን ዕድሜ ያስረዝማል እያላችሁ የምትሰብኩ ተዉ! እንዲያ ከሆነማ የሞተችው «በደንብ ስላልተካፈለች» ሞተች ሊባል ነው፤ ሲባልም ሰምቻለሁ። ሞትን በግልጽ ማልቀስ ግን ታማሚን ሰበረ የሚል ነገር እነዚህ ጥናቶች ውስጥ አላየሁም።

ስለ አምስቱ የሐዘን ደረጃዎችም አንድ ነገር ልበል። ደረጃዎቹን ያስተዋወቀችው ሐኪም ኤልሳቤጥ ኪውብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 መጽሐፏን ያወጣችው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው፤ የቀሪዎችን ሐዘን አጥንታ አልነበረም። ይህን ሳያነብ «አሁን ቁጣ ላይ ነሽ፣ ቀጥሎ ድርድር ይመጣል» የሚል አማካሪ ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ለእኔ የሚመቸኝ ተመራማሪዎቹ ስትሮብና ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ሐሳብ ነው፦ ሐዘንተኛ ወደ ሐዘኑና ወደ ኑሮው ይመላለሳል፣ መመላለሱም ጤና ነው። ከሰልስት ማግስት እርሻ ወጥቶ ማታ የሚያለቅስን ሰው ማን «ደረጃ ዘለልክ» ይለዋል?

«አንድ ዓይነት በሽታ፤ እሷ ሞተች፣ እኔ ለምን ቀረሁ?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። አንድ ዓይነት አልነበረም። የጡት ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም፤ በሆርሞን የሚያድግ አለ፣ የማያድግ አለ፣ ሲገኝ የደረሰበት ደረጃም ይለያያል። የሷ ሞት ያንቺን ውጤት አይናገርም፤ የቀረሽውም ከእሷ ስለተሻልሽ አይደለም።

የሟች ቤተሰብ ለሆናችሁ አንባቢዎች አንድ ልመና አለኝ። የሟችን ስልክ ከመዝጋታችሁ በፊት ስሞቹን ተመልከቱ። ከስሙ ጎን «ኬሞ» ወይም «ጨረር» ተብለው የተመዘገቡ ሰዎች ታገኛላችሁ። እነሱም ሐዘንተኞች ናቸው። ደውሉና መርዶውን ንገሯቸው፤ የአርባውንም ቀን አሳውቋቸው።