ስለ ድድ ውቅራትና ስለ ቁስሉ አጠባበቅ

በዚህ አጭር ጽሑፍ በጎጃም ደጋ፣ በተለይም ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በምትገኘው የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ በይጁቤና በአካባቢዋ ስለሚታወቀው የድድ ውቅራት ጥቂት ማብራሪያ ለመስጠት እንሞክራለን። ልማዱ በሌሎችም የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች ይገኛል፤ ዛሬ ይበልጥ የሚታየው ግን በእናቶቻችንና በአያቶቻችን ድድ ላይ ነው። ምላስን አስበስቶ ጌጥ ማድረግ ደግሞ በከተማ ወጣቶች ዘንድ ስለሚታይ፣ ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል።

«ውቅራት» ወቀረ ከሚለው ግስ የወጣ ቃል ነው። የለዘበ ወፍጮ እህል እንዲይዝ ይወቀራል፤ ድድም እንዲሁ በመርፌ ይወቀራል። ዋናው ዓላማ ጌጥ ነው፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ይበልጥ ነጥቶ ይታያልና። የሚደማ ድድን ይፈውሳል ብለው የሚያስወቅሩም አሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ነቃሿ ጥቂት መርፌዎችን ወይም እሾሆችን በአንድነት ታስርና ድዱን እስኪደማ ትወጋዋለች፤ ከኩራዝ ወይም ከድስት የተጠረገ ጥላሸትም ታሽበታለች። ቀለሙ እስኪደምቅ ድረስ ይደጋገማል። ጥላሸቱ ከላይኛው ስስ ሽፋን በታች ስለሚቀመጥ በምራቅ አይታጠብም፤ ጥቁር ሆኖ ሳለ ሰማያዊ መስሎ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአፍ ቁስል ከቆዳ ቁስል ይልቅ ቶሎ ይጠግጋል፤ አፍ ብዙ የደም ሥር አለው፣ ምራቅም ቁስልን የሚያሽሩ ነገሮች አሉት። ስለዚህ የተወቀረ ድድ እብጠቱና ሕመሙ በጥቂት ቀናት ይቀልለታል። በእነዚህ ቀናት በርበሬ የበዛበት ወጥና ትኩስ መጠጥ ቁስሉን ስለሚያቃጥሉ፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚትና እርጎ ይመረጣሉ።

ነገር ግን ቁስሉ ቶሎ መሻሩ ሰውን ሊያታልል አይገባም። ዋናው አደጋ ያለው በቁስሉ ላይ ሳይሆን በመርፌውና በጥላሸቱ ላይ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ኤች አይ ቪና መንጋጋ ቆልፍም በመርፌ ሊገቡ ይችላሉ። በአንድ ቀን ብዙ ልጃገረዶች ሲወቀሩ፣ ለእያንዳንዷ መርፌው ቢለወጥ እንኳ ደም የነካው ጥላሸት የጋራ ከሆነ ጥንቃቄው ከንቱ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ተማሪዎች ይህን ልብ ልንል ይገባል።

ምላስ ከድድ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ጡንቻ ስለ ሆነ በጣም ያብጣል፤ እብጠቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 5 ቀናት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ረዘም ያለ ዘንግ ይገባል፤ እብጠቱ ሲጎድል በአጭር ይለወጣል። ሁለተኛ፣ በውቅራት ውስጥ የሚቀረው ጥላሸት ብቻ ሲሆን በምላስ ውስጥ ግን ብረቱ ራሱ ይቆያል። በዚህም የተነሣ መሻሩ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል፤ ከዳነም በኋላ ብረቱ ጥርስን ሊሸርፍና ድድን ሊያሸሽ ይችላል።

አፍን ከምግብ በኋላ መጉመጥመጥ ለሁለቱም ይበጃል። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል፤ ጨው ቢበዛ ቁስሉን ያስቆጣል። በእጅ መነካካት፣ ማጨስና አልኮል መጠጣት መሻሩን ያዘገያሉ። ትኩሳት፣ መግል፣ ከአገጭ በታች እብጠት፣ ይልቁንም የመዋጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፣ የእናቶቻችን ውቅራትም ሆነ የዛሬው የምላስ ጌጥ በአንድ ሕግ የሚገዙ መሆናቸውን ነው። ሰውነት የራሱን ቁስል መሻር ያውቃል፤ የሌላውን ሰው ደም ግን ከመርፌው ላይ ሊያጥብ አይችልም። ስለዚህ ለማስወጋት የሚያስብ ሰው ከጌጡ ውበት አስቀድሞ ስለ መርፌው ይጠይቅ።