ለሌላው ልክ የሆነው ኪኒን ለእኛ ሲበዛ

ልጃችሁ የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቤት ገባ እንበል። ሕመሙ ጠንቶበት ያለቅሳል። አምና አባትየው ጥርሱን ሲነቀል የታዘዘለት ማስታገሻ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ትዝ አላችሁ። «ግማሿን ብሰጠው ምን ይለዋል?» አላችሁ። ቆዩ! መጀመሪያ ይህችን አንብቡ።

ነገሩ ኮዴይን ስለሚባል መድኃኒት ነው። ታይሌኖል ቁጥር 3 በሚባለው ኪኒንና በአንዳንድ የሳል ሽሮፖች ውስጥ ይገኛል። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በዋናነት ጉበታችን ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ለዋጩ ሲ-ዋይ-ፒ-2-ዲ-6 የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ የአሠራሩ መመሪያ ከወላጆቻችን በምንወርሰው ዘረመል ላይ ተጽፏል። ብዙ ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ ይወርሳል። አንዳንዱ ግን ሦስትም ከዚያም በላይ አለው። ለድግስ ሁለት ሰው ሽንኩርት ሲከትፍና አራት ሰው ሲከትፍ አንድ አይደለም አይደል? ቅጂው ሲበዛም ኮዴይኑ ቶሎና በብዛት ሞርፊን ይሆናል። ሞርፊን ከልክ ሲያልፍ ትንፋሽን ያዘገያል፤ ሕፃን ላይ ለሞት እስከማድረስ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ እኛን ለምን ይመለከታል? እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ተጨማሪ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። በቻይናና በጃፓን ሰዎች ዘንድ ግን ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። ለምን እኛ ዘንድ በዛ? አንዳንድ ተመራማሪዎች በድርቅ ዘመን መራራና መርዛማ ዕፅዋት በልተው የተረፉ ቅድመ አያቶች ያወረሱን ሳይሆን አይቀርም የሚል መላምት አላቸው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ቶንሲል ለወጣላቸው ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይንም ትራማዶልም እንዳይሰጥ ከለከለ፤ የምታጠባ እናትም ሁለቱንም እንዳትወስድ መከረ። ሞርፊኑ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋልና።

ይህ ማለት ሁላችንም እንዲህ ነን ማለት አይደለም። ከአራት ኢትዮጵያውያን ሦስቱ ገደማ ተጨማሪ ቅጂ የላቸውም። ማን እንዳለው ፊት ታይቶ አይታወቅም፤ የሚለየው በምርመራ ነው። ደግሞ ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፦ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችን ሰውነታችን ቶሎ ስለሚያስወግዳቸው «ብወስደውም አልሠራልኝም» ያሰኛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

• ለአዋቂ የታዘዘ ማስታገሻ ለልጅ አትስጡ። የተረፈውን ወደ ፋርማሲ መልሱ።

• ማስታገሻ ሲታዘዝ «ኮዴይን ወይም ትራማዶል አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢትዮጵያዊ መሆናችሁንና ይህን ጉዳይ ተናገሩ። ሐኪሙ ሌላ ማስታገሻ አያጣም።

• የምትወስዱትን መድኃኒት ግን ሐኪም ሳታማክሩ በራሳችሁ አታቋርጡ።

• መድኃኒት የወሰደ ልጅ አልነቃ ካለ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወዲያው 911 ደውሉ። የምታጠቡት ሕፃን ከወትሮው በላይ ከተኛ ወይም ጡት መሳብ ካቃተውም እንዲሁ።

እናንተ ልጆችስ? ብዙዎቻችሁ ለእማማና ለአባባ ታስተረጉማላችሁ፤ ጎበዞች ናችሁ። ሐኪም ቤት ግን ይህ ሸክም የእናንተ አይደለም። ወላጆች፣ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ «አማርኛ» ማለት ብቻ ይበቃል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ዛሬ ደግሞ ከየት እንደመጣን መናገርም የሕክምናው አካል ሆኗል። መጽሔቷን ጤፍና በርበሬ ከሸመታችሁበት ሱቅ ይዛችሁ ስትገቡ፣ ይህችን ገጽ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፏት።