ከስለቱ በፊት ልብ ይዘጋጅ

ታኅሣሥ 19 ቀን ሲቃረብ በሐረር ክርስቲያኖች ቤት ወሬው ሁሉ ቁልቢ ነው። ከሐረር ግንብ ከጁገል በስተ ምዕራብ ካለው ሸዋ በር ወጥቶ በአወዳይና በሐረማያ በኩል ወደ ሸዋ የሚወስደውን ጎዳና የያዘ ሰው፣ ራስ መኰንን ወዳሠሩት ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ይደርሳል። አንዱ ስለቱን ሊያስገባ፣ ሌላው አዲስ ስለት ሊሳል፣ ሌላው በስለት ያገኘውን ልጅ ክርስትና ሊያስነሣ ይሄዳል። መኪናው፣ ስንቁ፣ ማደሪያው፣ ጧፉና ጃንጥላው ቀድሞ ይታሰብበታል። ልብ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይቀራል። መንፈሳዊ እድገት የሚጀምረው ደግሞ ከልብ ነው።

ልብ ለምን ዝግጅት ይሻል?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታችን ስለ ዘሪው ምሳሌ ተናግሯል። ዘሩ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው የወደቀበት መሬት ነው። መንገድ ዳር የወደቀውን ወፎች ለቀሙት፤ ጭንጫ ላይ የወደቀው ሥር ስላልነበረው ደረቀ፤ እሾህ መካከል የወደቀው ታነቀ፤ በመልካም መሬት ላይ የወደቀው ግን አፈራ። ምርቱን ወደ ሸዋ በር ገበያ የሚያመጣ የሐረርጌ ገበሬ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ድንጋዩን ያልለቀመ፣ አረሙን ያልነቀለ ሰው ዝናብ ስለዘነበለት ብቻ እንደማያመርት ያውቃል።

ምሳሌው ለእኛ የሚለው ግልጽ ነው። ስብከት እየሰማን፣ ቅዳሴ እያስቀደስን፣ በየዓመቱ ቁልቢ እየተሳለምን ሳንለወጥ የምንኖር ከሆነ ጉድለቱ የዘሩ አይደለም። ቂም፣ የኑሮ ሐሳብና የገንዘብ ፍቅር ቦታውን ይዘውት ይሆናል።

ጾም፦ የመጀመሪያው ሥራ

የታኅሣሡ የቁልቢ በዓል የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ይህ ጾም ኅዳር 15 ቀን ይጀምርና እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል፤ ነቢያት የጌታን መምጣት በተስፋ መጠበቃቸው ይታሰብበታል። ስለዚህ ምእመኑ ለጉዞ ሲነሣ ጾሙ ከተጀመረ ከወር በላይ ሆኖታል። ያ ጊዜ ከሥጋና ከወተት በመከልከል ብቻ ካለፈ ግማሹ ሥራ ቀርቷል። አንደበት ከሐሜት፣ ዓይን ከምቀኝነት፣ እጅ ከሰው ገንዘብ አብረው መጾም አለባቸው። ከምሳ የተረፈውም ለተራበ ሲደርስ ጾሙ ከምጽዋት ጋር ይገናኛል።

ንስሐና ዕርቅ

ሁለተኛው ሥራ ንስሐ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመን የንስሐ አባት ይኖረዋል። ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ካህኑም እንደ አቅሙ ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ቀኖና ይሰጠዋል። ቀኖናው ቁስሉ የሚድንበት መንገድ ስለሆነ አባትየው የሰውየውን ኑሮና ጉልበት ማወቅ አለባቸው። በበዓሉ ዋዜማ ተጣድፎ ከመሮጥ ጾሙ ሲገባ ቀርቦ መነጋገር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ንስሐ ያለ ዕርቅ አይሞላም። ጌታ በተራራው ስብከቱ፣ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ካስታወሰ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዟል። ይህ ስለትን በቀጥታ ይነካል። በድንበር፣ በውርስ ወይም በዕቁብ ገንዘብ የተጣላውን ወንድሙን በሸዋ በር አኩርፎ ያለፈ ሰው፣ ቁልቢ የሚያስገባው ስለት የቱንም ያህል ቢከብድ ቅድሚያ መስጠት ያለበት ለዚያ ወንድም ነው። አስታራቂ ሽማግሌ መላክ የዝግጅቱ አካል ነው።

እድገት በደረጃ ነው

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት መንፈሳዊ ሕይወትን በዐሥር መዓርጋት ከፍለው ያስተምራሉ። ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ የንጽሐ ሥጋ ናቸው። አንብዕ፣ ኩነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት የንጽሐ ነፍስ ናቸው። ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞና ከዊነ እሳት ደግሞ የንጽሐ ልቡና ናቸው። የላይኞቹ የታላላቅ ቅዱሳን መዓርጋት ስለሆኑ ብዙዎቻችን ስማቸውን ስንሰማ ነገሩ የእኛ እንዳልሆነ አድርገን እንተወዋለን።

መጀመሪያ ላይ ያሉት ግን ከማንም ሰው የራቁ አይደሉም። ጽማዌ ዝምታና ጸጥታ ነው፤ ልባዌ የሚነበበውንና የሚጸለየውን ልብ ብሎ ማስተዋል ነው፤ ጣዕመ ዝማሬ ጸሎቱ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ሲጣፍጥ ነው። ቅደም ተከተሉን እንይ፤ ጣዕሙ የሚመጣው ከዝምታውና ከማስተዋሉ በኋላ ነው። ጸሎት አልጣፍጥ ያለው ሰው ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ ወደ ጸጥታው ይመለስ። ስልኩን ያስቀምጥ፤ ከዳዊት ጥቂት አንብቦ ያነበበውን ያሰላስል።

በገበያ መካከልስ?

ዝምታ የገዳም ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ከሸዋ በር ውጭ ባለው ገበያ ሻጭና ገዢ ሲከራከር፣ ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋ ይውላል። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን በቀንና በሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ስትሠራ ሁለቱን በሥራ ሰዓት መካከል አድርጋለች፤ ስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነው። በሐረር ሙስሊሙ ነጋዴ ለዙህር ሶላት ሥራውን ሲያቋርጥ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ክርስቲያኑም ቅመም እየሸጠ ወይም አትክልት እየመዘነ በእነዚያ ሰዓታት በልቡ አንድ አባታችን ሆይ ማድረስ ይችላል። ቦታ አያስለቅቀውም፤ ገበያም አያስቀርበትም።

እድገቱስ በምን ይታወቃል? ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የመንፈስን ፍሬዎች ሲዘረዝር ፍቅርን፣ ሰላምን፣ ትዕግሥትንና ራስን መግዛትን ከነሱ ቆጥሯል። እነዚህን መጀመሪያ የሚያያቸው ሌላ ሰው ነው፤ ሚዛኑን የሚያምን ደንበኛ፣ ቁጣው የቀነሰለት ልጅ፣ ሰላምታ የተመለሰለት ጎረቤት። ከቁልቢ የተመለሰ ምእመን ስለቱ መድረሱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይጠይቅ። መልሱ ገና ከሆነ የሚቀጥለውን በዓል አይጠብቅ፤ ከንስሐ አባቱና ከተጣላው ወንድሙ ዛሬውኑ ይጀምር።