ተጨማሪ መረጃ፦ «ሰቆጣ» ስንት ባይት ነው?

የዋግ ኽምራን ዋና ከተማ ስም በስልካችሁ ስትጽፉ ማሽኑ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 እያንዳንዳቸው መለያ ቁጥር አግኝተዋል፤ «ሰ» 4656፣ «ቆ» 4678፣ «ጣ» 4899 ነው።

ባይት የ8 ቢት (0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ) ጥቅል ሲሆን ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ብቻ ይይዛል። 4656 ስለማይገባበት ለሁለት ይከፈላል። ለ256 ስታካፍሉት ድርሻው 18፣ ቀሪው 48 ይሆናል። በ16 ቤዝ (እያንዳንዱ ቦታ ከቀኙ 16 እጥፍ በሚበልጥበት አጻጻፍ) ያው ቁጥር 1230 ነው፤ መሃሉን ቆርጣችሁ 12 እና 30 ስትሉ ሁለቱን ባይቶች ያለ ማካፈል አገኛችሁ። ፕሮግራመሮች 16 ቤዝን የሚወዱት ለዚህ ነው። «ቆ» 1246፣ «ጣ» 1323 ይሆናሉ።

በዚህ አያያዝ «ሰቆጣ» 6 ባይት ይወስዳል። በድረ ገጾች በተለመደው ዩቲኤፍ-8 ግን 9 ባይት ነው።

የባይቶቹ ቅደም ተከተልም ዋዛ አይደለም፤ አንዳንድ ማሽኖች ቀሪውን የያዘውን ባይት ከድርሻው ያስቀድማሉ። የ«ሰ»ን ባይቶች ገልብጦ 48 እና 18 ብሎ ያነበበ ፕሮግራም 12306 ላይ ይደርሳል፤ እሱ ደግሞ የጃፓን ፖስታ ምልክት ነው!

እናንተም ሞክሩ፦ የ«ኽምራ» መነሻ «ኽ» ቁጥሩ 4797 ነው። ሁለቱን ባይቶች አውጡና በ16 ቤዝ ጻፏቸው። ከ10 እስከ 15 ያሉት አሃዞች ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት የላቲን ፊደላት እንደሚወከሉ አትርሱ።