ያረጀ ኮምፒዩተር በጥቂት ገንዘብ ለልጆች ጨዋታ ስለ ማዘጋጀት

ልጆች በቤታቸው መጫወቻ ሲያጡ ወደ ሌላ ቦታ መሄዳቸው የታወቀ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየሰፈሩ በጌም ቤቶች ደጃፍ ተከምሮ የሚታየውን የደብተር ቦርሳ ያየ ወላጅ ሁሉ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። 16 ዓመት የሆነው ልጄም በዚሁ ልማድ ገብቶ ማታ ማታ እየዘገየ መምጣት ስለ ጀመረ፤ እናቱ ራቷን ሳትቀምስ በር በሩን እያየች የምትቈይበት ቀን በዛ። ብመክረው «እሺ አባባ» ይለኛል እንጂ እግሩ አልተመለሰም። በኋላ ግን አንድ ቀን ራሱ፤ «አባባ፤ የቤታችን ኮምፒዩተር ፊፋን የሚያጫውት ቢሆን እኔ የት እሄዳለሁ?» አለኝ። ነገሩን ባሰላስለው እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ኮምፒዩተራችን ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ የገዛሁት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚባለው፤ ቆሞ የሚቀመጠው ዐይነት ነው። በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ5-3470 በ2004 ዓ.ም. የወጣ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት፤ ሃርድ ዲስኩም 500 ጊጋባይት ነበረ። ይህ ደብዳቤ ለመጻፍና ሒሳብ ለመያዝ ይበቃል። ልጄ የሚወደው ፊፋ 18 ግን፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የእግር ኳስ ጨዋታ፤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራምና 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል። አዲስ እንዳንገዛ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ኮምፒዩተር በደመወዝ ለሚኖር ሰው የሚደፈር አልሆነም። በዚያን ጊዜ ባለቤቴ ዕቁብ ደርሷት ነበርና፤ የጣራውን ቆርቆሮ ልታስለውጥበት ካሰበችው ገንዘብ ከፍላ፤ «ልጄን ማታ ማታ ቤት የሚያስገባልኝ ከሆነ ይኸው ይውሰዱ» ብላ ሰጠችኝ።

ያን ገንዘብ ይዤ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ስሕተት ነበረ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው። ልጄ ከጓደኞቹ የሰማው ስለ ግራፊክስ ካርድ ብቻ ስለ ነበረ፤ ሌላውን ሳንመረምር መርካቶ ወርደን፤ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው፤ 4 ጊጋባይት አለው፤ ለአሮጌው ስክሪናችሁም ይስማማል» የተባለ ካርድ ገዝተን ተመለስን። ከዕቁቡ ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው በዚያው ቀን አለቀ። ቤት ገብተን ስንሰካው ሥዕል አሳየ፤ ልጄም እጁን አጨበጨበ። ዳሩ ግን ተገቢውን ድራይቨር በጫንበት ጊዜ ማሽኑ ደርቆ ይቀራል፤ አጥፍተን ብንከፍተውም ያው ነው። ሦስት ማታ እንዲህ ስንደክም ከቈየን በኋላ አንድ ዐዋቂ ጎረቤታችን መጥቶ፤ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን በነጻ የሚገኝ መመርመሪያ ቢከፍትበት፤ ከካርዱ ስም ፊት «ሐሰተኛ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይ በ2009 ዓ.ም. የወጣ ነው። አንዳንድ አታላዮች ግን ፌርሚ ከሚባለው፤ በ2002 ዓ.ም. ከጀመረው ትውልድ የቀሩትን አሮጌ ካርዶች ሰብስበው፤ ካርዱ ስለ ራሱ የሚናገርበትን ጽሑፍ ፍቀው በሌላ ስም ይተኩታል። የካርዱ አካል የጥንቱ፤ ስሙ ግን የዛሬ ነው፤ ልክ ቀኑ እንደ ተፋቀ ሰነድ። ምልክቱ በውጭም ይታያል፤ እውነተኛው 1050 ቲአይ ሰማያዊውን የድሮ ስክሪን መሰኪያ፤ ቪጂኤ የሚባለውን፤ ለማብላት የሚያስችል ነገር በተፈጥሮው የለውም። «ለአሮጌው ስክሪናችሁ ይስማማል» ያሉን መልካም ነገር እንደ ሆነ አድርገው ነበር፤ ለካ ማስረጃው እርሱ ኖሯል። ሻጩ ዘንድ ብንመለስ ገንዘቡን አልመልስም አለ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ጥቂቱን ብቻ በዕቃ ለውጦ ሰጠን፤ እርሱም ቀጥሎ የምናገረው የራም ዱላ ነበረ። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አልነገርኋትም።

ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ስላልነበረን ማሰብ ግድ ሆነ። ኮምፒዩተርን እንደ መሥሪያ ቤት ብናየው፤ ሃርድ ዲስኩ መዝገብ ቤቱ ነው፤ ራሙ የጸሐፊው ጠረጴዛ፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ጸሐፊው፤ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ የታዘዘውን እየተቀበለ የሚሥል ሠዓሊ ነው። ጠረጴዛው የጠበበ እንደ ሆነ ጸሐፊው ብርቱ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ወደ መዝገብ ቤት ሲመላለስ ይውላል፤ ሠዓሊውም እጁን አጣጥፎ ይጠብቀዋል። የትኛው እንደ ተቸገረ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ማናጀር የሚባለውን ከፍቶ ማየት ይበቃል። እኛ ብንከፍተው ራሙ እስከ አፉ ሞልቶ፤ ዲስኩም ከመቶ መቶ ደርሶ አገኘነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከግማሽ በላይ ሥራ አልነበረውም።

ስለዚህ በራሙ ጀመርን። በለውጥ ያገኘነውን ሁለተኛ 4 ጊጋባይት ዱላ ከፊተኛው ጋራ አጣመርነው። የዚህ ማሽን ራም ዲዲአር3 የሚባለው ዐይነት ስለ ሆነ ዲዲአር4 ከቶ አይገባበትም፤ አሮጌነቱም ያገለገለውን በርካሽ ለማግኘት ጠቅሞናል። ሁለት እኩል ዱላዎች በየመሰኪያቸው ሲሰኩ አብረው ስለሚሠሩ ከአንድ 8 ጊጋባይት ዱላ ይልቅ ይፈጥናሉ። ቀጥሎ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ገዛን። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳሕን ስላለው፤ ማንበቢያው ክንድ ቦታውን እስኪያገኝ በየጊዜው ከሺሕ ሰከንድ እጅ 10 ያህሉን ይፈጃል፤ ኤስኤስዲ ግን ምንም የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ወዲያው ይሰጣል። ዊንዶውስንና ጨዋታውን በዚህ አድርገን፤ አሮጌውን ዲስክ ለሰነድ ተውነው። ነገር ግን ኤስኤስዲ ጨዋታው ፈጥኖ እንዲከፈት ያደርጋል እንጂ የሥዕሉን ፍጥነት እንደማይጨምር ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ብዙ ሰው ይታለላል።

ያለ ገንዘብ የሚሠራም አለ። ሽፋኑን ከፍተን በቀለም ብሩሽ ያወጣነው ትቢያ አንድ እፍኝ ይሆን ነበር። ከፕሮሰሰሩ በላይ ያለው ቅባት እንደ ኖራ ደርቆ ስለ ነበር ጠርገን ትንሽ ቴርማል ፔስት አደረግንበት። ከዚያ ወዲህ የማራገቢያው ጩኸት ቀነሰ።

ግራፊክስ ካርድን በሚመለከት ሁለተኛው ገበያችን እንደ ፊተኛው አልነበረም። አስቀድመን በፓወር ሳፕላዩ ላይ የተጻፈውን አነበብን፤ 275 ዋት ይላል። ፕሮሰሰሩ እስከ 77 ዋት ይፈልጋል፤ ካርዱ ከተሰካበት ቦታ ሊቀበል የሚችለው ደግሞ እስከ 75 ዋት ነው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ሌላ ባለ 6 እግር የመብራት ገመድ ይጠይቃል፤ በእኛ ሳጥን ውስጥ ይህ የለም። በዚህም ምክንያት ትልልቆቹን ከመጠየቅ ተቈጥበን፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣውን 60 ዋት ብቻ የሚፈልግ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ያገለገለውን ለማግኘት ሁለት ወር ቈጠብን። ልጄም ለጌም ቤት ይከፍለው የነበረውን ሳንቲም አዋጣ። ስንገዛ ካርዱን በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ አሰክተን፤ በጂፒዩ-ዚ አይተን፤ አንድ ሩብ ሰዓት ጨዋታ ካስከፈትንበት በኋላ ነው የከፈልነው። ሻጩ ትንሽ ቢያጕረመርምም ቻልነው።

ካርዱ እስኪገኝ ባለፉት በሁለቱ ወሮች ልጁ ምንም ሳይጫወት አልቈየም። የስክሪኑን ነጠብጣብ ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ብናወርደው፤ ሠዓሊው በያንዳንዱ ሥዕል መሣል የሚገባው ከ2,073,600 ነጠብጣብ ወደ 921,600 ይወርዳል፤ ከግማሽ ያነሰ ሥራ ማለት ነው። ጥላውንና የተመልካቹን ሕዝብ ዝርዝር ዝቅ አድርገን፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው ደካማ ሠዓሊ ኳሱ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይሄድ ነበር። ካርዱ ከገባ ወዲህ ግን ኳሱ ይንሸራተታል።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በፊት ያለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ የእኛ 3ኛ ነው። ስለዚህ በዚህ ማሽን ላይ የባንክ ሒሳብ እንዳይከፈት ከልክያለሁ። ልጄ ሊኑክስ የተባለውን በነጻ የሚገኘውን እንሞክር ይላል፤ ነገር ግን ፊፋ ለእርሱ አልተሠራምና ገና እየተከራከርን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ልጄ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ በሳሎናችን ሲጫወት፤ ባለቤቴ ቡና እያፈላች፤ «ገንዘቡ እንዴት በቃዎ? ስንት ሆነ?» ስትል ጠየቀችኝ። ስለ ፊተኛው ካርድ የተደበቀውን ያን ጊዜ ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፤ «ያችን ካርድ አምጡልኝ እስቲ፤ ልያት» አለች። አምጥቼ ሰጠኋት። ወዲያና ወዲህ አገላብጣ አየቻትና፤ «ለካ የኔ ቆርቆሮ ይህን ታህላለች» ብላ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠቻት። ከጣራው ላይ የሚያፈሰው ቦታ ክረምት ሳይገባ እንዲጠገን ከሚቀጥለው ደመወዝ ከፍዬ ለማስቀመጥ ቃል ገብቻለሁ።