የካቶሊክ ትምህርት ቤት ምርቃት፦ ከመድረኩ በፊት ያለው ቅዳሴ

አሜሪካ ያለ ዘመድ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሱን ሲያበስር የሚልከው ፎቶግራፍ የታወቀ ነው። ጋዋን የለበሰ ልጅ፣ አራት ማዕዘን ቆብ፣ እቅፍ አበባ፣ በግራና በቀኝ የቆሙ ወላጆች። ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ከሆነ ግን ፎቶው የሚያሳየው የነገሩን ጫፍ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወር ገደማ የሚዘልቅ ሥርዓት አለ። ትምህርት ቤቱ ትልቁ ቀን የሚለውም ዲፕሎማ የሚታደልበትን ሳይሆን ቅዳሴ የሚቀደስበትን ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ልጆቻቸውን ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚልኩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም፤ ብዙዎቹም ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። በዚህ ብቸኞች አይደሉም። በአገር አቀፍ ደረጃ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ካቶሊክ አይደለም። ወላጆቹ ሥነ ሥርዓቱን፣ የትምህርቱን ጥንካሬና ልጁ በስሙ የሚታወቅበትን ግቢ ፈልገው ከባዱን ክፍያ ይከፍላሉ። የመጨረሻው ወር ሲደርስ ግን የሚመጣው ወረቀትና የሚጠሩበት ጉባኤ ብዛት ግራ ያጋባቸዋል። የትኛው የግድ ነው? የትኛው ቢቀር አይጎዳም?

ለመልሱ ትምህርት ቤቶቹን ማን እንደሠራቸው ማወቅ ይጠቅማል፤ ታሪካቸው የስደተኛ ታሪክ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1884 የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ባልቲሞር ላይ ተሰብስበው እያንዳንዱ ቁምስና በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤት እንዲያቆም ወሰኑ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጠባይ ፕሮቴስታንታዊ ነበር። ከአየርላንድ፣ ከጀርመን፣ ከጣሊያንና ከፖላንድ የመጡት ድሆች ካቶሊኮች ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን ይረሳሉ ብለው ሰጉ። ከፋብሪካና ከወደብ ደመወዛቸው እየቀነሱ ግንብ አቆሙ፤ ሲስተሮች ከዕለት ጉርስ ብዙም በማይበልጥ አበል አስተማሩ። በ1922 የኦሪገን ግዛት ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማሩ የሚያስገድድ ሕግ በሕዝብ ድምፅ ሲያጸድቅ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩ ሲስተሮች ከሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። ፍርድ ቤቱም በ1925 ሕጉን ሻረ፤ ልጅን የት ማስተማር እንዳለበት የመምረጥ መብት የወላጅ ነው አለ። ዛሬ አንድ የታክሲ ሹፌር ወይም አንዲት ነርስ ልጃቸውን በፈለጉት ትምህርት ቤት የሚያስገቡት ያ ፍርድ ባጸናው መብት ነው።

ከእኛም ጋር የሚያገናኝ ክር አለ። በዋሽንግተን በ1851 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላሳል ወንድሞች የተባለው የካቶሊክ መምህራን ማኅበር ተቋም ነው፤ የአዲስ አበባው ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትም የዚያው ማኅበር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ በ2007 የተከፈተውን ዶን ቦስኮ ክሪስቶ ሬይን ያቋቋሙት ደግሞ፣ በመቀሌና በአዲስ አበባ በሙያ ትምህርት ቤቶቻቸው የምናውቃቸው ሳሌዥያውያን ከዋሽንግተን ሀገረ ስብከት ጋር ሆነው ነው። እዚያ ተማሪው በሳምንት አንድ ቀን ገደማ በመሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ድርጅቱ ለሥራው የሚከፍለው ገንዘብ ለትምህርቱ ወጪ ይውላል። ገና በአሥራ አራት ዓመቱ ሸሚዙን ተኩሶ ቢሮ የገባ ልጅ በምርቃቱ ቀን ከትምህርቱ ወጪ ከፊሉን በራሱ ላብ የሸፈነ ነው። ለእኔ ከአገሪቱ የትምህርት አሠራሮች ሁሉ ይህን ያህል የማከብረው ጥቂት ነው።

የምርቃቱ ማስታወቂያ መምጣት የሚጀምረው በኤፕሪል መጨረሻ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸውን ከሌሎቹ ቀድመው ይጨርሳሉ። ከዚያ መጻሕፍት ይመለሳሉ፣ የስፖርት ትጥቅ ይመለሳል፣ ሎከር ይጸዳል፣ የቤተ መጻሕፍት ዕዳ ይዘጋል። የትምህርት ክፍያ ቀሪ ካለ ዲፕሎማው ሊያዝ ይችላል፤ በመድረኩ ላይ የሚሰጠው የቆዳ ማኅደር ባዶ ሆኖ ወረቀቱ በኋላ ከቢሮ የሚወሰድባቸው ትምህርት ቤቶችም ስላሉ፣ ልጁ ማኅደሩን ከፍቶ ባዶ ቢያገኘው መደንገጥ አያስፈልግም። የምርቃቱ ልምምድ ግን የግድ ነው፤ ያልተለማመደ በሰልፉ ላይገባ ይችላል። ከጋዋኑ ሥር የሚለበሰው ልብስ፣ የጫማው ቀለም፣ ቆቡን በጌጥ ማስዋብ መከልከሉ ሁሉ ተዘርዝሮ ይጻፋል። የመግቢያ ካርድም ብዙ ጊዜ የተቆጠረ ነው። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ለጠራ የእኛ ሰው ይህ ከባድ ዜና ስለሆነ ቁጥሩን ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ከወረቀቶቹ ሁሉ ጊዜ ወስዶ መሞላት ያለበት የስሙ ቅጽ ነው። አንዱ ቦታ በዲፕሎማው ላይ የሚታተመውን ስም ይጠይቃል፤ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ካልገጠመ በኋላ በኮሌጅና በሥራ ቦታ ጣጣ ያመጣል። ሌላው ካርድ ስሙ ሲጠራ እንዴት እንደሚነበብ የሚገልጽ ነው። ጸዳለ፣ ቃልኪዳን፣ ጥላሁን የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ድምፃቸው ይጠፋል። ልጁ ስሙን የሚያነበው መምህር ዘንድ ሄዶ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያሰማው መምህሩም ደስ ይለዋል፤ አያትም ከወንበራቸው ሆነው የልጅ ልጃቸውን ስም በትክክል ይሰማሉ።

በማስታወቂያው ውስጥ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ለየት ብሎ የሚታየው የአገልግሎት ሰዓት ነው። ተማሪው በአራቱ ዓመታት ውስጥ ለድሆች ምግብ በማደል፣ አረጋውያንን በመጠየቅ፣ ሕፃናትን በማስጠናት የሚሞላው ሰዓት አለ፤ ብዛቱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። በአንዳንድ ግዛቶች የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ይጠይቃሉ። በካቶሊኩ ትምህርት ቤት ግን ሰዓቱ የሃይማኖት ትምህርቱ አካል ነው፤ ተማሪው ያየውን እንዲጽፍ፣ በክፍል እንዲነጋገርበት ይደረጋል። ያልሞላ አይመረቅም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቹን ለጥቂት ቀናት ከከተማ አውጥተው ሱባኤ ያስገቧቸዋል። ካይሮስ በሚባለው ሱባኤ ወላጆች ለልጃቸው ደብዳቤ እንዲጽፉ ይጠየቃሉ። ደብዳቤው በአማርኛ ቢጻፍ፣ ልጁም ቢያስነብበው፣ የሚከለክል የለም።

ሜይ ለካቶሊኮች የእመቤታችን ወር ነው። የእኛ ግንቦት ልደታም በዚያው ወር ስለሚውል ይህ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ባዕድ አይሆንም። ተማሪዎቹ ተሰልፈው እየዘመሩ ይወጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ከተመራቂዎቹ አንዷ ተመርጣ በድንግል ማርያም ሐውልት ራስ ላይ የአበባ አክሊል ትደፋለች። በሥዕል እንጂ በሐውልት ፊት መጸለይ ያለመደች እናት ትንሽ ትሸማቀቅ ይሆናል። መዝሙሩ የሚቀርብላት ግን የምታውቃት እመቤት ናት።

ከዚያ ባካሎሬት የሚባለው ቅዳሴ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከምርቃቱ አስቀድሞ ባለው ምሽት ወይም በዚያው ሳምንት። ቦታው የትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት፣ ካቴድራሉ፣ ወይም በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን አሜሪካ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ትልቁ የሆነው የንጽሕት ድንግል ባዚሊካ ነው። ምንባቡን የሚያነቡት ተመራቂዎቹ ናቸው። ኅብስትና ወይኑን ወደ መንበሩ የሚያመጡት፣ በመዘምራኑ መካከል ለመጨረሻ ጊዜ የሚቆሙትም እነሱ ናቸው። ጳጳስ ወይም ካህን ይሰብካል። በመድረክ ላይ ውጤትና ሽልማት፣ የተገኘ ኮሌጅና የትምህርት ዕድል ይነገራል። በቅዳሴው ላይ ግን አንደኛ የወጣውም ለጥቂት ያለፈውም በአንድ ረድፍ ይንበረከካሉ፤ ትምህርት ቤቱ በአራት ዓመት ምን ሊያደርጋቸው እንደፈለገ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሌላ ሰዓት የለውም። በአንዳንድ ቦታ በመጨረሻ ወላጆች ይነሡና እጃቸውን በልጆቻቸው ላይ ዘርግተው ይባርካሉ። ፈረቃው ከሁለቱ ቀን አንዱን ብቻ የሚፈቅድለት ወላጅ ምክሬን ቢጠይቀኝ፣ ይህ እንዳያመልጥህ እለዋለሁ። የመድረኩ ቪዲዮ በኋላም ይገኛል።

ለኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ የቁርባኑ ነገር ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። በ1983 የወጣው የካቶሊክ ሕገ ቀኖና፣ በራሳቸው ፈቃድ ለሚጠይቁና ለተዘጋጁ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ካህኑ ቁርባን እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የአሜሪካ ጳጳሳት መመሪያ ግን ኦርቶዶክሳውያን የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሥርዓት እንዲያከብሩ ይመክራል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ልጇ በሌላ መንበር እንዲቆርብ አትፈቅድም። ስለዚህ አብዛኞቹ ልጆች በቦታቸው ይቀመጣሉ፣ ወይም ከሰልፉ ጋር ወጥተው እጃቸውን በደረታቸው ላይ አመሳቅለው ቡራኬ ብቻ ይቀበላሉ። ሁለቱም ያስከብራል፤ ማንም ለምን አይልም። ይህን ከልጁ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ከዕለቱ ግራ መጋባት ያድናል።

በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ጸሎት የሌለበት ምክንያት የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በ1989 በሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤት ምርቃት ላይ ረቢ ጸሎት አደረሱ። የአንዲት ተመራቂ አባት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 በአምስት ለአራት ድምፅ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሃይማኖት አባት ጋብዞ በምርቃት ላይ ማስጸለይ አይችልም ሲል ወሰነ። ውሳኔው የግል ትምህርት ቤቶችን አይነካም።

የምርቃቱ ቀን ሥርዓት በአብዛኛው ከሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ጋር አንድ ነው፤ ሥሩ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። ጋዋኑ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ልብስ ነው፤ በዚያ ዘመን መምህሩም ተማሪውም በአብዛኛው የቤተ ክህነት ሰው ነበር። በ1895 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰበ ኮሚሽን ለአሜሪካ የአካዳሚ ልብስ ደንብ አወጣለት። ተመራቂዎቹ ሲገቡ የሚሰማው ዝግ ያለ ማርሽ የእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ኤልጋር ነው። በ1901 ደርሶት፣ በ1905 ዬል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጠው ማርሹ በዚያ ከተሰማ ወዲህ የምርቃት ዜማ ሆኖ ቀረ። ኤልጋር ራሱ ካቶሊክ ነበር። ከቆቡ የተንጠለጠለው ዘርፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር ልጁ ተመረቀ ይባላል። ቆብ መወርወር የተጀመረው በዚያው በሜሪላንድ፣ በአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ በ1912 ነው፤ ተመራቂዎቹ ወዲያው መኮንን ሆነው ሌላ ቆብ ስለሚያደርጉ የተማሪነቱን ቆብ ጣሉት። በአንዳንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ጋዋን የለም፤ ተመራቂዎቹ ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሰው ጽጌረዳ ይዘው ይገባሉ። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ለመጣች እናት ከልጇ ጋር የምትመሳሰልበት ቀን ነው።

ስም ሲጠራ ጭብጨባ እስከ መጨረሻው ይቆይ የሚል ማሳሰቢያ ብዙ ቦታ ይነገራል። እልልታ የለመደ ቤተሰብ ይህን መቻል ይከብደዋል፤ ሆኖም የሚቀጥለው ልጅ ስም እንዳይዋጥ ነውና መታገሡ ተገቢ ነው። ከአዳራሹ ውጭ እልልታው የሚገባው ቦታ ይገኛል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ከ5 ሚሊዮን በላይ ልጆች በአሜሪካ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር፤ ዛሬ ቁጥሩ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሲስተሮቹ አንሰዋል፣ መምህራኑ ከሞላ ጎደል ምእመናን ሆነዋል፣ ክፍያው ንሯል። በየዓመቱ ከሚወጡት የፀደይ ማስታወቂያዎች መካከል ይህ የመጨረሻው ምርቃታችን ነው የሚሉ አሉ። በእንዲህ ያለው ዓመት በቅዳሴው ላይ ከተመራቂዎቹ ኋላ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የቀድሞ ተማሪዎች ይቀመጣሉ፤ ግንቡን ያቆሙት ሰዎች የልጅ ልጆችም በመካከላቸው ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚያሳዝነኝ ዛሬ ከድሃ አገር የመጣ ወላጅ በተራው የሚያንኳኳው በር ስለሚጎድል ነው።

ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም የተማሪዎቹ ውጤት አብሮ አይጠፋም። ሰነዱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሀገረ ስብከቱ የትምህርት ቢሮ ወይም መዝገብ ቤት ይተላለፋል፤ ትራንስክሪፕት የሚያስፈልገው ተመራቂ ከዓመታት በኋላም ቢሆን በዲፕሎማው ላይ ባለው ስም ከዚያ መጠየቅ ይችላል።