ካቦው ምን አለ?

አንድ ገበሬ አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ የቀን ሥራ ፍለጋ ከተማ ይገባል። ጉልበት አለው። ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ይቀጠራል። ካቦው «ፌሮ አምጣ! ባሬላውን ያዝ! ሲባጎውን ወጥር!» ይለዋል። ሰውየው ግራ ይገባውና ይቆማል። ካቦው «ይሄ ሥራ አያውቅም» ብሎ ሌላ ሰው ይጠራል። የዕለት እንጀራው በቃል ምክንያት ቀረ ማለት ነው።

ሰውየው ሥራ አያቅተውም። የጎደለው ቃሉ ብቻ ነው። ለመሆኑ ቃሉ ከየት መጣ?

ጣሊያን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወርሮ ይዞ ነበር። በዚያን ጊዜ መንገድና ሕንፃ ያሠራ ነበር። ድንጋይ ከተሸከሙትና አፈር ከዛቁት መካከል ብዙዎቹ የአገራችን ሰዎች ናቸው። አለቃው በቋንቋው ያዛል፤ ሠራተኛው በጆሮው ይይዛል። ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም። ወራሪው ተባሮ ሄደ፤ ቃሉ ግን ሠራተኛው አፍ ላይ ቀረ።

ካቦ «ካፖ» ከሚለው የጣሊያን ቃል የመጣ ነው። አለቃ ማለት ነው። ፌሮ በጣሊያንኛ ማንኛውም ብረት ነው። እኛ ግን ኮንክሪት ውስጥ የሚገባውን ረጅም ብረት ፌሮ አልነው። ባሬላ ደግሞ በጣሊያንኛ የበሽተኛ ቃሬዛ ነው። በኛ አገር ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ አሸዋና ድንጋይ ይሸከምበታል።

አፋችን ቃሉን እንዳለ አልተቀበለውም። «ስፓጎ» የሚለውን ሲባጎ አደረገው። «ታቮላ» የሚለውን ጣውላ አለው። ሊሾ በጣሊያንኛ ልስልስ ማለት ነው። እኛ በሲሚንቶ ለተለሰነ ወለል ስም አወጣንበት።

ከራሳችን የወጣም አለ። ውሃ ልክን ተመልከቱ። ውሃ በተዳፋት ላይ አይረጋም፤ ሜዳ ሲያገኝ ይተኛል። ግንበኛው ግንቡ መዝመም አለመዝመሙን የሚያይበትን መሣሪያ ውሃ ልክ አለው። ማንም አላዋሰንም።

እንግዲህ ለሥራ ስትሄዱ የማታውቁት ቃል ቢገጥማችሁ አትፈሩ። «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ካቦውም ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው የተማረው። ማታ ቤት ስትገቡ ቃሉን ጻፉት። የፊተኞቹ በጆሮ ብቻ የያዙትን እናንተ በእጃችሁ ጽፋችሁ ትይዙታላችሁ።

እነዚህን ቃላት አንብቡ፤ ቀጥሎም ጻፉ፦ ካቦ፣ ፌሮ፣ ባሬላ፣ ሲባጎ፣ ጣውላ፣ ሊሾ፣ ውሃ ልክ።